የሸራው ሌላ ጫፍ

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። የሚያበላን ጉርድ ፎቶ ነው፤ ልቡ ያለው ግን መጥፎ አየር ላይ ነው። ፀሐይ ፏ ስትል "ዛሬ ምንም የለም" ብሎ ካሜራውን ይሸፍናል። ሰማዩ ሲጠቁር ግን ለጉርድ ፎቶ የተቀመጠውን ሰው ወንበሩ ላይ ጥሎት ይወጣል። አንዴ አንድ ጡረተኛ ክራቫቱን እንዳሰረ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቆታል፤ አትነቃነቅ ብሎት ነበራ። ሰፈሩ "ዶፉ" ይለዋል። እሱ እቴ፣ እንደ ማዕረግ ነው የተቀበለው።

ለእኔ የሚተርፈኝ ጭቃ የጠጣ ሱሪ ማጠብ ስለነበር ችዬው ኖሬያለሁ። የመረረኝ ነገሩ እናቴ ጓሮ ሲደርስ ነው።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከአልጋ አልወርድ ብላ ከርማ፣ በመጨረሻ ያስነሳት ቲማቲም ነው። አርባ ችግኝ ከዘር አፍልታ፣ በየጠዋቱ እየዞረች ታያቸዋለች። "ይቺ ዛሬ አኩርፋለች" ትለኛለች። እኔም በሆዴ፣ ያኮረፈችውን ችግኝ ሳይቀር አመሰግናለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ በረዶ ወረደ። እናቴ ሰማያዊ ሸራ እየጎተተች ወጣች። ባሌ እዚያው ቆሟል፣ ካሜራውን ይዞ።

"አንተ ልጅ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ" አለችው።

"እሺ እማማ፣ አንዴ ይታገሱኝ፣ ብርሃኑ ሳያመልጠኝ..."

ብርሃኑ አላመለጠውም። ችግኙ ግን አንድ ሳይቀር አለቀ፤ እናቴም ተመልሳ አልጋዋ ውስጥ ገባች። ይሄ ሰው ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ፎቶውን ብታዪው እኮ ትረጂኛለሽ።"

ፎቶው ኤግዚቢሽን ገባ። እናቴን በልመና ከአልጋ አስነስቼ ይዣት ሄድኩ። አንድ ሻርፕ የጠመጠመ ሐያሲ ፎቶው ፊት ቆሞ አገጩን ይዳስሳል። "የተፈጥሮ ጭካኔ እንዲህ አምሮ አይቼ አላውቅም። ይህች ከጥግ የገባች እጅ ደግሞ የሰው ልጅ ብቸኝነት ናት" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ባሌ አንገቱን ደፋ፣ ትሕትና መሆኑ ነው።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች።

"እጅዋ የእኔ ናት" አለች። "ወዲህ መሬት ላይ የወደቀው የሸራው ሌላ ጫፍ ነው። የሚይዘው ሰው ነበር፤ ፎቶ እያነሳ ነው።"

ሐያሲው "ግሩም" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ባሌ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አጉልቶ እንዳየው እኔ አውቃለሁ፤ የወደቀውን ጫፍ ያየው ግን ያኔ ነው።

በማግስቱ አርባ ችግኝ ተሸክሞ መጣ። እናቴ በመስኮት ስታየው ቆየች፤ አተካከሉ አላስችል ሲላት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ከወር በኋላ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። እናቴ አንዱን ጫፍ፣ ባሌ ሌላውን ያዙ፤ እኔ መሃሉን በመጥረጊያ እንጨት ደገፍኩ። ካሜራው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። በረዶው ሸራውን እያንኳኳ ሳለ ፀሐይ ከደመናው ሥር ሾልካ ወጣች፤ የሚወርደው ሁሉ አበራ። ምን ልበላችሁ፣ እኔ እንኳ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የባሌ ጣቶች ሸራው ላይ ይቁነጠነጣሉ፤ ግን አልለቀቀም።

"እማማ፣ አያምርም?" አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"ያምራል" አለች እናቴ። "እየው እንጂ፣ ማን ከለከለህ።"