የኔቬንካ ሐሙስ ከሰዓት

የወደብ ከተማ በሆነችው ትሪየስቴ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት እየጦሩ የሚኖሩ የሰርቢያ ሴቶች አንድ ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፦ አገር ቤት ሲደወል ደህና ነኝ አይባልም። ወገቤን ነው የሚባለው፤ እግሬን፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ አሮጊቷ ክፉ ናት፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል ነው የሚባለው። ለዚህ ሁለት ምክንያት አላቸው። አንደኛው የሰው ዓይን ነው፤ ደስታውን በስልክ ያወራ ሰው ደስታው ውሎ አያድርለትም። ሁለተኛውን ግን አንዳቸውም ጮክ ብለው አይናገሩትም። ልጁን ለአያት ጥሎ የመጣ ሰው ደስ ብሎኛል ቢል በምን ፊቱ ነው?

ኔቬንካ ይህን ሕግ የተማረችው በመጣች በሳምንቷ፣ የአገሯ አውቶቡሶች የሚቆሙበት አደባባይ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ሴቶቹ እዚያ ተሰብስበው ለየቤታቸው ጥቅል ይልካሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ያማርራሉ። ከእሷው መንደር፣ ከፖዣሬቫጽ ከተማ አጠገብ የመጣች አንዲት ሴትዮ ክንዷን ይዛ፣ «ስሚኝ፣» አለቻት፤ «ጥሩ ነው ያልሽ ዕለት አለቀልሽ። ጥሩ ከሆነማ እኛንም ውሰጂን ይሉሻል።»

በመጀመሪያው ዓመት መዋሸት አላስፈለጋትም። ባሏ ሞቶ፣ ትሠራበት የነበረው የሸክላ ፋብሪካ ተዘግቶ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ቢልያናን ለእናቷ ሰጥታ የመጣች ሴት ነበረች። ማታ ማታ ትራስ እየነከሰች ታለቅስ ነበር። የምትጦራቸው አሮጊት፣ ሲኞራ ፉልቪያ፣ ደግሞ እግራቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም። ሾርባው ቀጠነ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ መስኮቱ ተዘጋ፤ ሁሉም ያስቆጣቸዋል። ኔቬንካ ግን የፈራችው ቁጣቸውን አልነበረም። የፈራችው ሐሙስን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የእሷ ነበር። የአገሩ የሥራ ሕግ ነው፤ ሰው የሚጦር ሁሉ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ያርፋል። ማረፍ ግን የት ተምራው? በመንደሯ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ለቅሶ ቤት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ የታጠበውንም ያልታጠበውንም እያወጣች ትተኩስ ነበር። አንድ የበጋ ቀን ሲኞራ ፉልቪያ ምርኩዛቸውን እየጎተቱ መጡና ካውያውን ከግድግዳው ነቀሉት።

«ውጪ!»

«ወዴት ልሂድ፣ ሲኞራ?»

«ባሕር ያለበት ከተማ ውስጥ ሆነሽ ወዴት ልሂድ ትያለሽ? መድኃኒቴን መድኃኒቴን ትሸቺያለሽ። ደግሞ እኔም ፊትሽን ሳላይ ልዋል እስቲ።»

ሄደች። የሄደችው ደግሞ የትሪየስቴ ሰው ፔዶቺን ወደሚለው፣ ነጭ ግንብ እስከ ውኃው ድረስ ገብቶ ወንዱን ከሴቱ ወደሚለይበት ዳርቻ ነው። በሴቶቹ በኩል ወንድ ስለሌለ የሚያፍር የለም። አሮጊቶቹ የላዩን አውልቀው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ምራቶቻቸውን ያማሉ። ባሎቻቸው ከግንቡ ማዶ ሆነው፣ «ማሪያ! ኮኩን የት አደረግሽው?» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሚስትየዋም ኮኩን በግንቡ ላይ አሳልፋ ትወረውራለች። ኔቬንካ በዚህ ሁሉ መሐል ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ሐሙስም እንደዚያው። በሚቀጥለውም።

በመጨረሻ ኔሪና የምትባል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ግዙፍ ሴት አላስችል ብሏት ተነሣች። እናቷ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢስትሪያ ስለሆነች የነኔቬንካን ቋንቋ እየሰባበረችም ቢሆን ትናገራለች።

«አንቺ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ምነው?»

«ለቅሶ የደረስሽ መስለሽ ተቀመጥሽብን እኮ። ፀሐዩ ራሱ አንቺን ሲያይ ይበርደዋል።»

ኔቬንካ ሳትፈልግ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ድምፅዋን የሰማችው ያኔ ነው፤ የሌላ ሰው መሰላት። ያ በጋ ሳያልቅ ኔሪና የዋና ልብስ አለበሰቻት፤ እጅዋንም ከጀርባዋ በታች አድርጋ ውኃው ላይ አንጋለለቻት። «አትልቀቂኝ!» «አልለቅሽም።» ለቃት ቆይታለች። ኔቬንካ ያን ያወቀችው ቀና ብላ ኔሪናን ዳርቻው ላይ ኮክ ስትገምጥ ስታያት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ደስታው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ለሰው ቢነግሩት ያስቃል። ቡና ቤት ገብቶ በአንድ ስኒ ግማሽ ቀን ጋዜጣ ሲገልጡ ማንም ተነሺ አለማለቱ። የብርዱ ወራት ነፋስ መንገደኛውን ሲያንገዳግደው ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ የመብራት ምሰሶ አቅፎ መሳቅ። ሲመሽ ወደ ባሕሩ በገባው የድንጋይ መንገድ እስከ ጫፉ ሄዶ፣ ምንም ሳያመጡ መመለስ። በመንደሯ ሰው ሲሄድ አንድ ነገር ሊያመጣ ነው፤ ባዶ እጁን የሚመለስ ይሳቅበታል። እዚህ ግን ባዶ እጅ መመለስ ራሱ አንድ ነገር ነበር። የማንም እናት፣ የማንም ሚስት፣ የማንም ሠራተኛ ያልሆነችባት አንዲት ከሰዓት አገኘች፤ በዚያች ከሰዓት ውስጥ ያለችውን ሴት ደግሞ ወደደቻት። በአርባ ምናምን ዓመቷ ነው የተዋወቀቻት።

እሁድ ስልክ ሲደወል ግን ጨው ከንፈሯ ላይ እያለ፣ «ወገቤን ልጄ፣ ወገቤን፣» ትላለች። ቢልያና፣ «አይዞሽ እማ፣ ትንሽ ቻይው፣» ትላታለች። ወደ አገር ቤት የምትገባው ለገና፣ በብርዱ ወራት ስለነበር ፀሐይ የጠጣ ቆዳዋን ያየ የለም። ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበ፤ ቢልያና ድራጊሻን አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ወገቤን የሚለው ቃል ግን እንዳለ ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ ሲያልቅ ሲኞራ ፉልቪያ አረፉ። ኔቬንካ አልቅሳ ቀበረቻቸው፤ እንደ ዘመድ። ኔሪናም፣ «የጓዳዬ ክፍል ባዶ ነው፤ ጎረቤቴም ሰው ትፈልጋለች፤ ነይ አብረን እናርጅ፣» አለቻት። ኔቬንካ መልሱን በሆዷ ይዛ ሳትተነፍሰው ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ እዚህ ቤታችን የሠራንልሽ ክፍል አለቀ!» ቢልያና በደስታ ትጮኻለች። «ደረጃ እንዳትወጪ ምድር ቤት አደረግነው። ለወገብሽ ብለን አልጋውን ጠንካራ አስደረግነው። ድራጊሻ መኪና ይዞ ይመጣል፤ እኔም እመጣለሁ። በቃሽ። ከእንግዲህ አትሰቃዪም።»

ምን ትበል? ልጅ ክፍል ሠርታ፣ ባሏን ለምና፣ እናቴን ከመከራ አወጣለሁ ብላ ስትመጣ፣ መከራ የለብኝም ይባላል? ኔቬንካ ያላት አንድ ቃል ብቻ ነበር። «እሺ፣» አለች። ለኔሪናም ሳትነግር ባሕር መውረዱን ተወች።

መጡ። ቀኑ ሐሙስ ነው። ከሰዓት ሙቀቱ በረድ ሲል ሊነዱ ስላሰቡ ሻንጣዎቹ በጠዋት መኪናው ላይ ተጫኑ። ድራጊሻ ላቡን እየጠረገ፣ «እማማ፣ እዚህ ወንድና ሴት በግንብ የሚለይበት ባሕር አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» አለ።

«ሌላ ጥሩ ጥሩ ዳርቻ ሞልቷል፤ ወደዚያ ብንሄድ…»

«የለም የለም! ይህንን ሳላይ ብመለስ መንደር ውስጥ ምን አወራለሁ?»

በሩ ላይ ድራጊሻ እየሳቀ ወደ ወንዶቹ ገባ፤ እናትና ልጅ ወደ ሴቶቹ። ኔቬንካ ዳር ዳሩን ይዛ ጥግ ላይ ልትቀመጥ ነበር ሐሳቧ። አልሆነም።

«ኔቬንካ!» የኔሪና ድምፅ ዓሣ ስትሸጥ የነበረው ድምፅ ነው። «የት ገባሽ፣ አንቺ ከይሲ? ካርታ መጫወቱን ትተን ተኛን እኮ! ይቺ ማናት? ልጅሽ ናት? አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ ነው!» ቢልያናን ስባ ጉንጯን ሳመቻት። «ልጄ፣ እናትሽ የዚህ ቤት ጉድ ናት። ባለፈው በጋ ከዚያ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ስንት ጊዜ እንደዘለለች ብነግርሽ! ልጃገረዶቹ ፈርተው ሲቆሙ እሷ ዘላ ገባች!»

ቢልያና ድንጋዩን አየችው። እናቷን አየቻት።

«በየትኛው ወገብሽ?» አለች።

«ወገቧ?» አለች ኔሪና ምንም ሳይገባት። «የሷ ወገብ የዓሣ ነው!» ከዚያ የልጅቱን ፊት አይታ ካርታውን ከፎጣዋ ላይ መሰብሰብ ጀመረች።

ኔቬንካ ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሐኪም ዋኚ ብሎኝ ነው፤ የትኛውም ይበቃ ነበር። ልጇ ልታምናት ትፈልጋለች፤ ዓይኗ ይለምናታል። አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን አልወጣም።

«ወገቤን አሞኝ አያውቅም፣» አለች። «እዚህ ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት፣ ቢልያና።»

«ስንት ዓመት?»

«ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም።»

ቢልያና ከነጫማዋ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ልጄን ስወልድ አጠገቤ አልነበርሽም። አማቴ እናትሽስ ስትለኝ፣ እናቴ ለኔ ስትል እየተቃጠለች ነው አልኳት። አያቴን ብቻዬን አስታመምኩ፤ ብቻዬን ቀበርኩ። እሷ ከምትችለው ይህ ምን አለው እያልኩ ነው ሁሉን የቻልኩት። ስላሳዘንሽኝ ነው ይቅር ያልኩሽ። አንቺ ለካ እዚህ ውኃ ላይ ተንጋለሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«አልናፈቅሁሽም?»

«ናፍቀሽኛል። አንጀቴ እስኪላወስ ናፍቀሽኛል። ደስም ብሎኛል። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ነበሩ፤ አንዱ አንዱን አላስወጣውም። እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«ታዲያ አሁን? ከእኛ ጋር መምጣቱን አትፈልጊም?»

ኔቬንካ የልጇን እጅ ልትይዝ ፈለገች፤ አልደፈረችም። «ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። የሠራሽልኝ ክፍል ነው፤ ገብቼ እኖርበታለሁ፣ አላማርርም። ከልብሽ ከጠየቅሽኝ ግን… አልፈልግም፣ ልጄ።»

ቢልያና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። አንዲት ልጅ ውኃው ውስጥ እናቷ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ትጮኻለች። ኔሪና ያን ሁሉ ጊዜ ካርታውን በእጇ ይዛ ነበር።

«ያዘንኩላት ሴትዮ የለችማ፣» አለች ቢልያና በመጨረሻ።

«በመጀመሪያው ዓመት ነበረች። ከዚያ በኋላ የለችም።»

ከግንቡ ማዶ የድራጊሻ ድምፅ መጣ። «ቢልያና! እየመሸ ነው፤ ድንበሩ ላይ ሰልፍ ይጠብቀናል! እማማ ተዘጋጁ?»

ቢልያና ተነሣች። ጠጠሩን ከቀሚሷ አራግፋ ወደ ግንቡ ሄደችና ሁለት መዳፎቿን አሳረፈችበት።

«ድራጊሻ!»

«አቤት!»

«የእማን ሻንጣ ከመኪናው አውርደው።»

«ምን?»

«አውርደው ነው የምልህ!»

 ከዚያ የአገራቸው ሰው የሆነ አንድ ሽማግሌ በወንዶቹ በኩል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አውርድ ትልሃለች፣ የኔ ልጅ፤ አትከራከር፣» አለ። ሴቶቹ ሳቅ አፈነዱ። ቢልያና አልሳቀችም። ተመልሳ መጥታ በእናቷ አጠገብ ስታልፍ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ክፍሉን ለልጄ እሰጠዋለሁ፣» አለች። «ስትመጪ እንግዳ ሆነሽ ነው የምትመጪው። የምናነጥፍልሽ አናጣም።»

«እሺ፣» አለች ኔቬንካ።

የፈለገችውን አገኘች። ቢልያና ወደ በሩ ስትሄድ ልትከተላት ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ተመለሰችና፣ እንደ መጀመሪያው በጋ፣ የዋና ልብሷን ሳትለብስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች።