ኮርኒሱ ሲጢጥ እንዳይል

ከበላዬ የሚኖረው ጎረቤቴ ሲራመድ ጣውላው ሲጢጥ ይላል። ያን ድምፅ ስሰማ የያዝኩት ሥራ ከእጄ ይቀራል። ምን ሆንሽ ሲሉኝ፣ ምንም እላለሁ። ድሮም ብዙ መናገር አልችልም።

በደርግ ጊዜ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ወጣቶች ለውትድርና ስለሚታፈሱ ወንድሜ በጣሪያውና በኮርኒሱ መሃል ተደብቆ ከረመ። ከሶላት በፊት የሚታጠብበትን የዉዱእ ውሃ በቁም ሳጥኑ ላይ ቆሜ በማንቆርቆሪያ አቀብለው ነበር። የኮርኒሱን ቀዳዳ ስከፍት የጋለ ቆርቆሮና የላብ ሽታ ይወርድብኛል። ቀና ብሎ መቆም እንኳ አይችልም፣ ተቀምጦ ነው የሚሰግደው።

ረመዳን ሲገባ አባቴን አንድ ነገር ለመነው።

"አባዬ፣ ብቻዬን መስገድ ከበደኝ። ድምፅህን ከፍ አድርግልኝ፣ ከላይ ሆኜ ልከተልህ።"

ከዚያ ወዲያ አባቴ የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን፣ ሲያሰግድ እናቴና እኔ ከኋላው፣ ወንድሜ ከላያችን እንከተላለን። "አሏሁ አክበር" ብሎ ሲያጎነብስ ኮርኒሱ ሲጢጥ ይላል። እናቴ በዚያ ድምፅ ፊቷ ይፈታ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ሄዳ፣ እኔ ሳምቡሳ እየጠበስኩ፣ አባቴ በተምር አፍጥሮ ሶላት ጀመረ። የዘይቱ ጭስ እንዲወጣ በሩን ከፍቼው ነበር። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። አባቴ ቆሞ ሲሰግድ ሲያይ አክብሮ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ወንድምሽ አልመጣም?" አለኝ በሹክሹክታ።

አልመጣም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዲያው አባትሽ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።" ልክ ከወንድሜ በታች በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

የጥበቃው ጥላ ከአባቴ ፊት ያለው ግድግዳ ላይ አርፎ ነበር፤ አባቴ አይቶታል። ቢያጎነብስ፣ ምንም ያልሰማው ወንድሜ አብሮት ያጎነብሳል፣ ኮርኒሱም ሲጢጥ ይላል። ሶላቱን ቢያቋርጥ፣ "አባዬ ምነው?" ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሳያጎነብስ ቆሞ ቁርአን ቀራ። አንዱን ሱራ ሲጨርስ ሌላ ቀጠለ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ነው።

"ዛሬ ቁርአኑን ሊጨርሱት ነው እንዴ?" አለ ጥበቃው፣ አሁንም በሹክሹክታ። ከዚያ አንጋጦ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

ምላሴ ታስሮ ነበር። እንዴት እንደተፈታ አላውቅም።

"ወንድም ጥበቃ!" ብዬ ጮህኩ። "ሳምቡሳው ሳይቀዘቅዝ ብላ እንጂ!"

ደንግጦ ተነሳ። "ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው እየሰገደ! እኔ ደግሞ ድምፅ የላትም ብዬ!"

አባቴ "አሏሁ አክበር" ብሎ አጎነበሰ። ከላይ ምንም አልተሰማም።

ጥበቃው አልጋ ሥርና ቁም ሳጥኑን አይቶ፣ ሳምቡሳውን እየበላ ወጣ። "አላህ ይቀበላችሁ በያቸው" አለኝ።

ከኢድ በኋላ ወንድሜ በጭነት መኪና ተደብቆ ወደ ድንበር ሸሸ። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ መግሪብን ጮክ ብሎ ነበር የሚቀራው። ካጎነበሰ በኋላ ጆሮውን ሰጥቶ ይቆያል፤ እኛም ከኋላው አብረን እንጠብቃለን።

አሁን ብቻዬን ስሰግድ እኔም አጎንብሼ እቆያለሁ። የጎረቤቴ ጣውላ ሲጢጥ ካለልኝ፣ ያኔ ቀና እላለሁ።