የቸኮለ ትርጉም

እንጅባራ ያስተማርኩት አማርኛ ነው፤ የተማርኩት ግን ጂኦግራፊ። የአማርኛ መምህር ስለጠፋ የማታ ተማሪዎቹን ውሰድ አሉኝ፤ ወሰድኩ። ልቤ ግን ባሕር ዳር ነበር። የዝውውር ወሬ እጠብቅ ስለነበር እያስተማርኩ እንኳ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ እነካካለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በመስኮት ወደ ዋናው መንገድ አያለሁ። መጽሐፍ ጀምሬ አልጨርስም።

አንድ ቀን ከጀመርኩት ልብ ወለድ አንድ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ባል ወደ ቤት ሲገባ ሚስቱ «በአርምሞ ተቀበለችው» ይላል። «አርምሞ ምን ማለት ነው? ከአገባቡ ተነሥታችሁ ገምቱ» አልኩ። እኔም መዝገበ ቃላት ሳላይ ኩርፊያ ብዬ ገምቼ ነበር። አብዛኞቹ እንደኔው ጻፉ። ከዘንገና በኩል በእግራቸው የሚመጡ፣ ቤታቸው አገውኛ የሚናገሩ፣ እናቴን የሚያህሉ አንዲት ተማሪ ግን ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

«ምነው እናቴ፣ ለምን አልሞከሩም?»

«ቃሉ ገና አንዴ ነው የመጣ፣ መምህር። እኔ አማርኛን የለመድሁት ገበያ ላይ ነው። አንድ ቃል ሦስት ቦታ ሳልሰማው ከአፌ አላወጣውም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ዜሮ ሰጠኋቸው። ሲወጡ መጽሐፉን እንዳውሳቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ቀሩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። «ትተውታል መሰለኝ» አለ አንዱ ተማሪ። በዚያ ዕድሜያቸው ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው የሚመጡትን ሴት በአንድ ቃል ያባረርኳቸው መሰለኝ። በመስኮት የማየውም እሳቸውን ፍለጋ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት መጡ። ድንች ማውጣት ይዟቸው ኖሯል። መጽሐፉን ከፌስታል አውጥተው ሰጡኝ፤ ሦስት ቦታ ሰንበሌጥ ገብቶበታል። «ሦስቱንም ይዩልኝ» አሉ።

ቆሜ አነበብኩ። አንዱ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነው። በሁለተኛው ገጽ አንድ ሽማግሌ ከጸሎት በኋላ ብቻውን በአርምሞ ይቀመጣል፤ ማንን ሊያኮርፍ? በሦስተኛው ሐይቁ ነፋሱ ካቆመ ወዲህ በአርምሞ ተኝቷል። ዝምታ ነው፤ ኩርፊያ የለበትም። ፊቴ ጋለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ፤ «ዜሮውን አርመዋለሁ።»

«ማርኩን ይተዉት። መጨረሻውን አንብበውታል?»

«አላነበብኩትም።»

«ባልየውም እንደርስዎ ኩርፊያ መስሎት ነበር። ምን ሆነሽ ነው ሳይላት፣ ጥላው ሄደች።»

ይህን ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም ያን ሁለት ሳምንት በመስኮት ሳይ ከረምኩ እንጂ፣ ምን ሆኑ ብዬ አንድ ሰው እንኳ አልላክሁም።