የአባቴን አርባ እንዴት እንደበላሁ

የቶሮንቶ አበሻ ምስጢር አይቋጥርም። ይህን የምለው በጥላቻ ሳይሆን በልምድ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በተማሪ ልውውጥ ለሁለት ዓመት እንደሄድኩ፣ ሰኞ ጃኬት ገዝቼ ማክሰኞ ብሉር ጎዳና ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ስገባ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው ከጥግ ሆኖ «ተሸወድክ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ጃኬት ነበር» ብሎኛል። ማን ከማን ተጣላ፣ የማን የመኖሪያ ወረቀት ውድቅ ሆነ፣ የማን ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፣ ሁሉም ነገር ከሰብዌዩ ባቡር ቀድሞ ይደርሳል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ነው የአባቴን ሞት ሰባት ሳምንት ሙሉ ከእኔ የደበቀው። ከአንድ ሰው አፍ እንኳን አላመለጠም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝም የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

እህቴ ከአዲስ አበባ የደወለችው ለእኔ ሳይሆን ቶሮንቶ ኢስት ዮርክ ሰፈር ለሚኖሩ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። ለክፉ ቀን ብዬ ቁጥራቸውን የሰጠኋት እኔው ራሴ ነኝ። እትዬ ደግሞ ለጋሼ ኮል አደረጉ። ጋሼ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ቶሮንቶ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ይደረድራሉ፣ እኛን ግን አሁንም እንደ ተማሪ ያሰልፉናል። ጋሼ ወሰኑ። አንድ ትምህርት ብወድቅ ልውውጡ ተሰርዞ እንደምመለስ ያውቃሉ። ስለዚህ ልጁ ፈተናውን ይጨርስና እናረዳዋለን ተባለ። ለአባቴ መቼ እንደማለቅስላቸው የወሰነው ከመጋዘን ሺፍት የወጣ ኮሚቴ ነው።

እኔ ምን አውቄ! እኔ ያየሁት ፍቅር ብቻ ነው። በፊት ሰላምታዬን በአገጩ የሚመልስ ታክሲ ነጂ ላይብረሪው በር ላይ ቆሞ «ራይድ ልስጥህ» ይለኝ ጀመር። ሴቶቹ የምስር ወጥ በእርጎ ጣሳ እየሞሉ ይልኩልኛል። ምግብ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል፣ ወንበር ይለቀቃል። ጋሼ ሲያዩኝ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። በዚያው ሰሞን ስለ መስኖ ቦይ አንድ ጥናት ክፍል ውስጥ አቅርቤ መምህሩ አመስግኖኝ ነበርና ወሬው ደርሷቸዋል ብዬ ደመደምኩ። የመስኖ ቦይ የቶሮንቶን ታክሲ ነጂዎች ልብ ነክቶ! ጭራሽ መኮፈስ ጀመርኩ። ኮፍያ ሲወልቅልኝ አንገቴን ትንሽ ዝቅ አድርጌ እንደ ሚኒስትር እቀበል ነበር።

እሑድ እሑድ በስልክ ካርድ ቤት እደውላለሁ። እህቴ አባባ ጠበል ሄደዋል ትለኛለች። በሚቀጥለው እሑድም ጠበል ናቸው። አባባ ስልክ አይወዱም፤ ሲያወሩም መስመሩ ሩቅ ስለሚመስላቸው ነው መሰለኝ ይጮኻሉ። ስለዚህ አልጠረጠርኩም። በአምስተኛው ሳምንት ግን ተናደድኩና «ጠበሉ አይሸሽም፣ መጥተው ልጃቸውን ያናግሩ በያቸው» አልኳት። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ምግባር የሌላት ብዬ ሰደብኳት፣ ለራሴ።

የሁዳዴ ጾም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ቤት ተጠራሁ። አርባ ነው፣ መጥተህ ቅመስ አሉኝ። ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል፣ የሚሞቀው ቦታ ለእኔ ተለቋል። ቄሱ ጸሎት ሲያደርሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠሩ፤ እኔም ከሁሉም ጋር አሜን አልኩ። የገዛ አባቴን የክርስትና ስም አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅ። እነሱ እንኳን ያውቁት ነበር፣ እህቴ በስልክ አስጽፋቸው።

ከዚያ ተበላ። እኔማ ምን በላሁ፣ ሰለቀጥኩ እንጂ። የተማሪ ካፍቴሪያ አንጀቴን አድርቆት ስለነበር ሽሮውን አስጨምሬ፣ ምስሩን አስጨምሬ፣ ከዚያ ጋሼን የማን አርባ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አገር ቤት ለሞቱ አንድ አባት ነው አሉኝ፣ እንጀራቸውን እያዩ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «ነፍስ ይማር! ሽሮው እንዲህ ከሆነ ሰውዬው ገነት ሳይገቡ አይቀሩም» አልኩና ብቻዬን ሳቅሁ። እትዬ ብድግ ብለው ወጥ ቤት ገቡ፣ የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማኝ። ዕቃ እያጠቡ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ የተረፈውን ቋጥረው ሰጡኝ፣ በማግሥቱም በላሁት።

የመጨረሻውን ፈተና ሐሙስ ጨረስኩ። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ስድስት አበሻ ጥቁር ለብሶ የተማሪዎች ማደሪያው በር ላይ ቆመ። ዘበኛው ደንቡ ለአንድ ተማሪ ሁለት እንግዳ ነው ብሏቸዋል። ጋሼ ሁላችንም ቤተሰብ ነን አሉት። ዘበኛው መዝገቡን አወጣ። በኋላ አየሁት፤ ዝምድና በሚለው ሥር አሥራ ስድስቱም አጎት፣ አጎት፣ አክስት፣ አጎት ብለው ፈርመዋል። ያ የእርጎ ጣሳ የምትልክልኝ ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ ልጅ እንኳን አክስቴ ሆናለች።

በሬን ስከፍት በቁምጣ ነበርኩ። የሁሉም ነጠላ ተዘቅዝቋል። ማንም ቃል ሳይናገር ገባኝ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ግን አባቴ አልነበሩም፣ ያ ሽሮ ነው።

«እትዬ፣ ያ አርባ የማን ነበር?» አልኳቸው።

«የእሳቸው ነው ልጄ» አሉኝና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ጮኽኩ፣ እነሱም ጮኹ፣ ፎቁ በሙሉ ነቃ። የፎቁ ኃላፊ የሆነው ተማሪ በፒጃማ መጥቶ፣ በጣም አዝኛለሁ ብሎ፣ ስለ ሐዘን የሚያወራ አንድ ወረቀት ሰጠኝና አማካሪዋን ማክሰኞ ከሰዓት ማግኘት እንደምችል ነገረኝ። ያን ቀን የሐዘኔን ቀጠሮ የማይዝልኝ ሰው አልነበረም። የእሱ እንኳን ይሻላል፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያዘገየው።

ጋሼን ግን አልማርኳቸውም። «የእኔ አባት ናቸው! ማን ፈቀደልዎት?» አልኳቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዟዙሩ ነበር። ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ፤ ከሺፍት ሺፍት እየተቀያየሩ፣ የጋራ ወጥ ቤቱን ወርሰው፣ ለዘበኛው ሳይቀር ሳህን እየላኩ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሁሉንም አልፌ ነበር። ያንን የውጤት ወረቀት አንድ ቀን እንኳን ደስ ብሎኝ አይቼው አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት አገር ቤት ካለው ከእኔው ዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ በልውውጥ መጣች። ኅዳር ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። እናቷ አርፈዋል፣ እትዬ ቤት ና አሉኝ።

ሄድኩ። ያው ሳሎን፣ ያው ሰዎች። እኔ ዓመት ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት፤ ማንም ሰው የማንንም እንባ በአደራ አያስቀምጥም፣ ዛሬውኑ ይነገራት ልል ነው። ጋሼ ቀድመው ምንም አልወሰኑም። ሁሉም እኔን ያያል፣ እትዬም ዓይናቸውን ሰብረው እጄን እጄን ያያሉ። አፌን ከፈትኩ።

«ፈተናዋ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ቀርቷታል አሉኝ። በማግሥቱ ላይብረሪው በር ላይ ጠብቄ ቦርሳዋን ተቀበልኳት። ታክሲው መንገዱ ዳር ቆሟል፣ በእጄ የእትዬን የእርጎ ጣሳ ይዣለሁ። ልጅቷ ደስ ብሏት ወዲያ ወዲህ ታያለች።

«ምን አይተውብኝ ነው ሰዎቹ እንዲህ የሚወዱኝ?» አለችኝ።

«ጎበዝ ስለሆንሽ ነው» አልኳት።

አመነችኝ።