እትዬ በለጡና የተገፈፈው ራሴ

ዘንድሮ ለሃሎዊን ከረሜላ ፍለጋ በራችንን ካንኳኩት ልጆች አንዷ፣ ደም የተቀባ የላስቲክ ራስ ቆዳ ከነጸጉሩ አንጠልጥላ መጣች። እናትየው ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ግን በሳቅ ፈነዳሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ በስደት ከተማችን፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ከአባቴ ታላቅ እህት ከእትዬ በለጡ ጋር እኖር ነበር። አንድ ትንሽ የፊልም ቡድን ከተማው ዳር ሬክስዴል ውስጥ ባዶ መጋዘን ተከራይቶ አስፈሪ ፊልም ሲቀርጽ እኔም ተቀጠርኩ። ሥራዬ መሞት ነበር። ከመቃብር የተነሳ «ቀይ ህንድ» ጸጉሬን ጨምድዶ የራሴን ቆዳ በካራ ይገፍፈዋል። ገፋፊውን የሚጫወተው ጆ ከምሥራቁ ክፍለ ሀገር ከኖቫ ስኮሺያ የመጣ፣ ሚክማቅ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ የተወለደ ነው። በተለማመድን ቁጥር «አንገትህን አመመህ?» እያለ የሚጠይቅ ደግ ሰው።

ለእትዬ ፊልም መሥራቴን እንጂ መሞቴን አልነገርኳቸውም። ሚያዝያ ነበር፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ጾም ስለሆነ የምስር ሳንቡሳ ጠብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ በሰብዌይ ባቡርና በአውቶቡስ ምሳዬን ሊያደርሱልኝ መጡ። በሩን ሲገፉት ጆ ቆዳዬን ገና መንጭቆ ማንሳቱ ነው፤ ቀዩ ቀለም በፊቴ ይወርዳል።

«ኡኡ! ልጄን ፈጁት!»

ጃንጥላው ጆ ትከሻ ላይ አረፈ። ጆ ካራውን ጥሎ ሮጠ፤ እሳቸውም ተከተሉት።

«እትዬ፣ ደህና ነኝ! ቀለም ነው!» አልኩ ብድግ ብዬ።

«ዝም በል! ተኛ! ደምህ ያልቃል!»

የገዛ ጸጉሬን ጎትተው ካረጋገጡ በኋላ ነው መሬት ላይ ቁጭ ብለው የሳቁት። ቀጥሎ ግን አፈሩ። ጆን ጠርተው «ይቅር በለኝ ልጄ» እያሉ በእጃቸው ሳንቡሳ አጎረሱት።

ጆ እያኘከ፣ «እማማ፣ ፊልሙ ይሄን ሥራ እኛ ላይ ያላክካል» አለ። «በአገሬ ግን የእንግሊዝ ገዢዎች የእኛን ሰዎች ራስ ቆዳ ገፍፎ ላመጣላቸው ይከፍሉ ነበር።»

ተረጎምኩላቸው። ጆን ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ ለምን እሺ አልክ?»

«ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል?»

እትዬ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ፤ ታሪኩን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። «ንገርልኝ» አሉኝ፤ «ውሸትም ቢሆን ልክ ይኑረው።»

እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ተረጎምኩ። ዳይሬክተሩ የደረሰውን ሳንቡሳ አስቀመጠ። ከዚያ ጆን ወደ ጥግ ወሰደው፤ ከሰዓቱን ሁሉ ሲነጋገሩ ዋሉ። በማግሥቱ ከመቃብር የሚነሳው መንፈስ፣ ገዢው እየከፈለው ራስ ቆዳ የሚገፍፍ ፈረንጅ ሆነ፤ ጆ ደግሞ እሱን የሚያሸንፈው ጀግና። እኔ ግን ከመሞት አልዳንኩም።

ፊልሙ እውነቱን ለመናገር መጥፎ ነበር። ቪዲዮ ቤት ሲገባ እትዬ ተከራይተው ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ስሞት ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጆ ሲያሸንፍ እልል አሉ።

አሁን አርፈዋል። እኔም ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ በዚህ አገር ብዙ የሚወዱኝ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ አብዛኞቹ አስተዋዮች ናቸው፣ ነገሩን አጣርተው ይደርሱልኛል። ደሙ እውነት ይሁን ቀለም ሳይጠይቅ የሮጠልኝ ሰው ግን አንድ ነው።