በዓል የማታውቅ ቆፋሪ

ሚስቴ የጎመን ችግኝ ገዝታ በጓሯችን በር ላይ የደረደረችው ሚያዝያ ውስጥ ነው። መሬቱን መቆፈር የኔ ድርሻ ነበር። እኔ ግን እዚህ በሰው አገር፣ ግሮቭ ሲቲ በሚባል ከተማ መጋዘን ስለምሠራ የሚመቸኝ በዕረፍት ቀኔ ብቻ ነው፤ የዕረፍት ቀኔ ደግሞ፣ የእግዜር ሥራ ሆኖ፣ ሁልጊዜ በዓል ነው። አንዴ ሚካኤል፣ አንዴ ማርያም። በበዓል አፈር እንደማይቆፈር ያስተማረችኝ የሚስቴ የገዛ እናቷ ናት። በዓል በሌለበት ቀን እንኳ አንድ ቅዱስ አላጣም ነበር። ችግኙ መጠውለግ ጀመረ፤ ሚስቴም ዝም ማለት ጀመረች። የሷ ዝምታ ያስፈራኛል።

በዚህ መሃል የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃችን ለትምህርት ቤት ስለ ባንዲኩት ታጠና ነበር። አውስትራሊያ የሚኖር፣ አፍንጫው የሾለ፣ ጥንቸል የሚያክል አውሬ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ትልና እንጉዳይ ፍለጋ ይቆፍራል። «ባልበላውም ጭሬ ልበትነው» ያለችው ዶሮ ዘመድ መሆን አለበት ብዬ አሾፍኩ። ልጄ ኮስተር ብላ አስረዳችኝ። በቆፈረው ጉድጓድ ቅጠልና ዘር ይጠራቀማል፤ የዝናቡ ውሃም ላይ ላዩን ፈስሶ በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ይሰርጋል። የበላውን የእንጉዳይ ዘር ደግሞ በየደረሰበት ሲጸዳዳ ይዘራዋል። እናትየዋ ልጆቿን የምትይዝበት ሆዷ ላይ ያለው ኪስ እንኳ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነው፤ ስትቆፍር አፈር እንዳይገባባቸው።

«ልጅ ይዛ ትቆፍራለች፤ በዓልም አታውቅ» አለች ሚስቴ ከወጥ ቤት።

«ኦርቶዶክስ አይደለችማ» አልኳት።

በቀጣዩ የዕረፍት ቀኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሳለ ልጄ ማንኪያ ይዛ ወጣች። ወደ መስኮቱ ስሄድ ጓሮውን በትንንሽ ጉድጓድ ሞልታዋለች፤ እናቷም ከኋላ ከኋላዋ ችግኝ ትተክላለች። ዛሬኮ አቦ ነው ብዬ ጮህኩባቸው።

«ዳድ፣ አይም ኤ ባንዲኩት» አለችኝ ቀና እንኳ ሳትል።

ዝናቡ ሲመጣ ውሃው እንዳለችው በየጉድጓዱ ሰርጎ ቀረ። ጎመኑ መስመር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ግን አማረ።

በፍልሰታ ጾም አብረውን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ እኛ ቤት ሲበሉ ጎመኑ ከጓሮ መሆኑን ሰሙ። ቁፋሮ የወንድ ሥራ መስሏቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ልጄ ናት የቆፈረችው ልል አፌን ከፈትኩ። «አሜን» የሚል ወጣ።

ሚስቴ ሳቋን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ልጄ ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ጭልፋውን አንስታ በኔ በኩል ጎመን ጨመረችልኝ።