ወደ ተራራ የወጣችው ጀልባ

ጓንጉል ጎረቤቴ ነው። ሰቆጣ ተወልዶ ያደገ፣ እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ከጉልበት ያለፈ ውኃ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ተከዜ ተገድቦ ሐይቅ ከሆነ በኋላ ግን በኒሯቅ በኩል ወርዶ ዓሣ ማጥመድ ተማረ። ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች ሸጦ አንዲት አረንጓዴ ጀልባ ሲገዛ አበደ ያልነው ብዙ ነን። እኔም ብያለሁ፤ አልክድም። እሱ ግን በጎኗ ላይ ከውስጥ በኩል የሚስቱን ስም፣ መስታወት ብሎ በነጭ ቀለም ጽፎ ሥራውን ቀጠለ።

አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ልማዱ ጀልባዋን ሐይቁ ዳር ካለ ዛፍ ላይ አስሮ ቤቱ መጣ። በሁዳዴ ዓሣ የሚገዛው የለም፤ እሱም ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። በጋው ግን አይጾምም። ውኃው ቀስ በቀስ ሸሸና ጀልባዋን ዳገት ላይ ጥሏት ወረደ።

ከፋሲካ በኋላ ቢሄድ ዛፉ አለ፣ የተቆረጠ ገመድ አለ፣ ጀልባ የለችም። ሌባ ነው አለ። እኔም ሌባ ነው አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ የሐይቁን ዳር ዳር እየዞረ ፈለገ። ሌባ ጀልባ ተሸክሞ ተራራ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

መስታወት እርጉዝ ነበረች፤ የምትወልደው ነሐሴ ላይ ነው። ቤቱ ደግሞ ባዶ ሆነ። ጓንጉል ጀልባዋ እስከ ሐምሌ ገብርኤል ካልተገኘች መተማ ወርጄ ሰሊጥ አርማለሁ ብሎ ቆረጠ። ያ ማለት ልጁ ሲወለድ አይኖርም ማለት ነው። ከሐይቁ በላይ ላለው ገብርኤል ዣንጥላ ተሳለ።

በበዓሉ ቀን አብሬው ሄድኩ። ታቦቱ እንደ ገባ ዝናቡ ወረደና ሁላችንም ለሰንበቴው ወደ ተሠራው መጠለያ ሮጥን። ጓንጉል ቀና ብሎ «መስታወት» አለ። ሚስቱ ናፍቃው መስሎኝ ልቀልድበት ስል እኔም ቀና አልኩ። ጀልባዋ አራት እንጨት ላይ ተገልብጣ ጣሪያ ሆናለች፤ ስሟ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ያየናል።

«አባ፣ ይቺ ጀልባ የኔ ናት» አላቸው ለደብሩ አለቃ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ።

አባ ሳይደነግጡ ነገሩን። እረኞች በጾሙ መሐል ዳገት ላይ አገኟት። ባለቤት ካለ ይምጣ ተብሎ ሦስት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። ባለቤቱ ሰቆጣ እያስቀደሰ ነበር። የሰንበቴው ማኅበርተኞችም ገመዷን ቆርጠው እንደ በሽተኛ በትከሻቸው ተሸክመው አወጧትና ለታቦቱ ሰጧት።

«ለታቦት የገባ ዕቃ አይወጣም፣ ልጄ። እኔ የማዝዝበት አይደለም» አሉ።

ጓንጉል ሦስት ወር የፈለጋት ጀልባ ከራሱ በላይ እያለች መተማ ሊሄድ ነው።

የሰንበቴውን ጠላ የሚያስቀዱት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከጥግ ሆነው ይሰሙ ኖሯል።

«ስለት ነበረህ?» አሉት።

«ዣንጥላ፣ እማሆይ።»

«ለማን?»

«ለዚሁ ለገብርኤል።»

እማሆይ ወደ አባ ዞሩ። «እንግዲህ መልአኩ ልመናውን ሰምቶ ጀልባዋን እስከ ደጁ አምጥቶ ጠብቆለታል። እርስዎ አልሰጥም ካሉ መልአኩን ቃለ አባይ አደረጉት።»

አባ ዝናቡን አዩ፣ ጀልባዋን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«ውሰዳት። ግን መጀመሪያ ጣሪያ ሥራልን።»

ሣር ስንሸከም፣ ስንከድን አራት ቀን ፈጀብን፤ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰኛል። ዣንጥላውም ገባ። ልጁ ነሐሴ ላይ ሲወለድ አባቱ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከደስታው ብዛት እኔን ሁለት ጊዜ ሳመኝ።

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ጓንጉል ጀልባዋን አስሮ በቀጥታ ወደ ቤቱ አልመጣም፤ ወደ ገብርኤል ወጣ።

«አባ፣ ውኃው ጥሏት ቢሄድ ባለቤት የሌላት እንዳይመስልዎት፤ ጾም ላይ ናት።»

«እስከ ፋሲካ እንጠብቃታለን» አሉት አባ። «ከዚያ ካለፈ ግን፣ ልጄ፣ የሠራህልን ጣሪያ ያፈሳል።»